ከሾኩ በፊት ሞላውን መለካት፦ ደብረ ብርሃን ላይ በየዕለቱ የሚነዳ የአንድ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ጉዳይ

መነሻ

ጉልበት ያለው መኪና የሚነዳ ሰው ሾክ አብዞርበሩ፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከመውን ጥምዝ ብረት (ሞላውን) እንዳይወዛወዝ የሚገታው ዕቃ፣ ሲያልቅበት ከሁለት ወገን ምክር ይመጣለታል። አንደኛው ወገን «ሾክ ሾክ ነው፤ ልኩ የሚገባውን ገዝተህ ግጠም» ይለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «የስፖርት መኪና ይዘህማ ጠንካራውን ነው የምታደርግበት» ይለዋል። እዚህ የምተርከው መኪና ሁለቱንም ምክር በየተራ ተከትሎ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ገንዘብ አስወጥቶታል። መኪናው የተስተካከለው ሾኩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሞት ከተጠየቀ በኋላ ነው።

እኔ የመኪና ጥገና አስተማሪ ነኝ። በጉዳዩ የገባሁት ሥራውን የያዙት አንጋፋ መካኒክ ስለጠሩኝ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ስለተከለከለ፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጉዳይ በደንብ ተጽፎ ቢቀመጥ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መኪናውና ባለቤቱ

ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። መኪናው አምስተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. (የጎልፍ የስፖርት ዓይነት) ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሙ ከውጭ ጠቅልሎ ሲመለስ ይዞት ገብቶ በኋላ ለእርሱ ያስተላለፈለት ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ የዋለ፣ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ከተራው ጎልፍ 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጠንከር ባለ ሞላና በዚያው ልክ በተሠራ ሾክ ነው። ከፊት ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ተሰካክተው አንድ ምሰሶ ይሆናሉ። ከኋላ ግን ሞላው ለብቻው፣ ሾኩም ለብቻው ነው የተቀመጠው።

መንገዱ

ሾክ የሚመረጠው ለመንገድ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባለቤቱ ጠዋትና ማታ ከቤቱ ወደ ፋብሪካው የሚመላለሰው በከፊል ኮብልስቶን፣ በከፊል ደግሞ ክረምት የቦረቦረውን አስፋልት እየረገጠ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹ ብዙ ናቸው፤ ቁመታቸውም አንድ ወጥ አይደለም። ከዚህ ሌላ ወላጆቹ ደብረ ሲና ስለሚኖሩ ጣርማበርን አቋርጦ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አዘውትሮ ይነዳል። ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንዳንዴም ለሥራ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ከባድ ጭነት የሚያልፍበት በመሆኑ፣ ዳገቱ ላይ አስፋልቱ በጭነት መኪኖች የጎማ መስመር ይሰረጉዳል። ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ይዞ እዚያ መስመር ውስጥ የገባ መኪና መሪው ወደ ጎን ይሳባል። ጉም ሲወርድ ደግሞ አሽከርካሪው ጉድጓዱን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ሾክ ሁለት የተለያየ ሥራ ይፈለጋል። መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ሲያጋድል ወይም ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ሲደፋ፣ ሾኩ ውስጥ ያለው ፒስተን በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚህ ጊዜ ሾኩ ጠንክሮ እንዲይዝ እንፈልጋለን። ጎማው ኮብልስቶን ሲመታ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ግን ፒስተኑ በከፍተኛ ፍጥነት ይሮጣል። ያኔ ሾኩ ለቀቅ እንዲልና ጎማው መሬቱን ተከትሎ እንዲሄድ እንፈልጋለን። የመኪናው አካል በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲወዛወዝ፣ ጎማው ራሱ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይርገበገባል። «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» ብሎ ሾክን በአንድ ቃል መፈረጅ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ

መኪናው ጋራዥ ሲገባ የፊቱ ሁለት ሾኮች ዘይት አፍስሰው ነበር። አካላቸው ላይ ቀጭን የዘይት ላብ ብቻ ቢታይ አያስደነግጥም። እነዚህ ግን ከላይ እስከ ታች ረጥበው አቧራ ጋግረዋል። የፊት ጎማዎቹ ደረት እዚህም እዚያም ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ ተበልቷል፤ ጎማው መሬት እየለቀቀ ሲመለስ የሚተወው ምልክት ነው። ጉብታ ላይ ከፊት ደረቅ የብረት ምት ይሰማል። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲነዳ ደግሞ የመኪናው ጀርባ ከአንዱ ጠመዝማዛ ወደ ሌላው ሲዞር ዘግይቶ እንደሚከተል ባለቤቱ ነግሮናል።

ከሁሉ ያሳሰበን ሾኮቹ አሮጌ አለመሆናቸው ነው። ባለፈው ክረምት ማግስት አዲስ ሆነው የገቡ ናቸው።

ምርመራው

መካኒኩ መኪናውን ከመፍታታቸው በፊት ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም ጎን በሜትር ለኩ። ለዚህ ሞዴል ከሚታወቀው ቁመት 30 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ከዚያ መኪናውን ጉድጓድ ላይ አውጥተን ሞላዎቹን ስናያቸው የፋብሪካው የቀለም ነጥቦች የሉባቸውም፤ ቀለማቸውም ሌላ ነው። መኪናው ገና ውጭ ሳለ ለመልክ ሲባል አጭር ሞላ ተገጥሞለት ነበር። ባለቤቱ ይህን አያውቅም ነበር፤ መኪናው የተሠራው እንዲህ ሆኖ ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ ያደረግነው ፈተና ምንም ወጪ የለውም። በኋላው ሾክ ዘንግ ላይ፣ የአቧራ መከላከያውን ከፍ አድርገን፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገን አሰርን። ሾኩ ሲጨመቅ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው በደረሰበት ይቀራል። መኪናው ከጋራዡ ወጥቶ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ማሰሪያው ብረት ከብረት እንዳይጋጭ እስከሚከላከለው ጎሚኒ ድረስ ተገፍቶ ተገኘ። በከተማ ፍጥነት፣ ያለ ጭነት፣ አሽከርካሪው ብቻውን ሆኖ ሾኩ ነጻ ጉዞውን ሁሉ ጨርሷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግልጽ ሆነ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሾኩ የሚሠራው የሞላውን እንቅስቃሴ መግታት ነው። ሞላው 30 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ያ ርዝመት የሚቀነሰው ሾኩ ወደ ታች ለመጨመቅ ካለው ቦታ ላይ ነው። በዚህ ላይ ለመደበኛ ቁመት የተሠራ ሾክ ሲገጠም ፒስተኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በሲሊንደሩ የታችኛው ጫፍ ይሆናል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጎሚኒው ይደቆሳል፣ ምቱ ወደ ውስጠኛው ቫልቭና ወደ ላይኛው የዘይት መዝጊያ ይሄዳል። ባለቤቱ «ጋሼ፣ ሾኩ ፎርጅድ ሆኖ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው መካኒኩ «የሞተውማ ሾኩ ነው ልጄ፤ የገደለው ግን ሞላው ነው» ብለው መለሱለት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

ያልተሳኩት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ሙከራ ከላይ ያየነው ነው፤ በአጭር ሞላ ላይ መደበኛ ሾክ መግጠም።

ሁለተኛው ገና ከመገጠሙ የከሸፈ ነው። ባለቤቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚገኝ አንድ ሱቅ «የጎልፍ አምስት» ተብሎ ሾክ ተልኮለት ነበር። በዚህ ትውልድ ጎልፍ የፊት ምሰሶው በጎማው ተሸካሚ ብረት ውስጥ የሚሰካበት ክፍል ሁለት ዓይነት ውፍረት አለው፤ 50 ሚሊ ሜትርና 55 ሚሊ ሜትር። ጂ.ቲ.አይ. የሚወስደው 55ቱን ነው። የመጣው 50 ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩነት በላሜራ ጠቅልሎ አጥብቆ ማስኬድ እንደሚቻል የሚያስቡ አሉ። ይህ ምሰሶ ጎማውንና ፍሬኑን የሚይዝ አካል ነው፤ ቁልቁለት ላይ ቢንሸራተት የሚከተለው የሰው ሕይወት ስለሆነ በፍጹም መሞከር የለበትም። ዕቃው ተመለሰ፤ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ግን ጠፋ።

ሦስተኛው ሙከራ ቁመቱ በጥርስ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ሞላና ሾኩ አብረው የሚመጡበት የስፖርት ኪት ነው። ባለቤቱ ያገለገለ ገዝቶ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ነድቶበታል። ለስላሳ አስፋልት ላይ መኪናው ሳያጋድል ይዞርለት እንደነበር፣ መሪውም ፈጣን ምላሽ ይሰጠው እንደነበር በደስታ ነግሮናል፤ ይህን አልክድበትም። ኮብልስቶን ላይ ግን ዳሽቦርዱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዋናው ጉዳት ደግሞ ከምቾት በላይ ነው። ጠመዝማዛ ውስጥ የተሰረጎደ አስፋልት ሲገኝ ጎማው እየዘለለ መሬት ይለቅቃል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ መኪናውን አያዞርም፣ ፍሬንም አይዝም። ዝናብ ቀን ከጣርማበር ሲወርድ የመኪናው አፍንጫ ወደ ውጭ ሲንሸራተት ባለቤቱ ደንግጦ ኪቱን አስነቀለ፤ የበፊቱን ሾክና አጭሩን ሞላም መልሶ አስገጠመ። ቁመት ማስተካከያው ጥርስም በጭቃ ተሞልቶ ዝጎ ነበር።

ስለ ከፍታና ስለ ብርድ

በመካከሉ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ጋዝ ያለበት ሾክ ለደጋ አይሆንም፤ ከፍታው ጋዙን ያስፋፋውና መዝጊያውን ያፈነዳዋል የሚል ወሬ በጋራዦች ይሰማል። በቁጥር ብናየው መልሱ ቀላል ነው። ነጠላ ሲሊንደር ያለው ሾክ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት 25 ባር አካባቢ ነው እንበል። የዘንጉ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ጋዙ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል 39 ኪሎ ያህል ይሆናል። በባሕር ወለልና በደብረ ብርሃን መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 0.3 ባር ገደማ ነው። ይህ በዘንጉ ላይ የሚጨምረው ግፊት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ከፍታው ምርጫችንን የሚለውጥ ነገር አይደለም።

ብርዱ ግን እውነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ወደ ዜሮ ዲግሪ ስትጠጋ የሾኩ ዘይት ይወፍራል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መኪናው ደረቅ ሆኖ ይሰማል፤ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይለቅቃል። በዚያች ሰዓት የተሰማን ድርቀት ይዞ ሾክ መፍረድ አይገባም። እኛም ሁሉንም የሙከራ ጉዞ ያደረግነው መኪናው ከሞቀ በኋላ ነው።

ምርጫው

መጀመሪያ የተወሰነው ሞላውን ወደ ጂ.ቲ.አይ. መደበኛ ሞላ መመለስ ነው። ባለቤቱ በዚህ ቅር ብሎት ነበር፤ ዝቅ ያለ መኪና መልኩ ያምራል፣ እኔም እስማማለሁ። ለአጭር ሞላ ተብለው አጠር ተደርገው የሚሠሩ ሾኮች አሉ፤ የቢልስታይን ቢ8 ለምሳሌ። እነርሱ ሾኩ በራሱ ጫፍ እንዳይመታ ያግዙታል፤ ከመኪናው ሆድ በታች የጠፋውን ቁመት ግን አይመልሱም። የኛ ጉብታዎች ደግሞ የሚጠይቁት ያንን ቁመት ነው።

ሞላው መደበኛ ከሆነ በኋላ ሦስት አማራጭ ቀረ።

አንደኛው እንደ ዛክስ ወይም ቢልስታይን ቢ4 ያለ፣ ከፋብሪካው ጋር በሚመሳሰል ልክ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር (አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ) የጋዝ ሾክ ነው። ዋጋው ይሻላል፤ ባሕርይውም መኪናው ሲሠራ የታሰበለት ነው።

ሁለተኛው እንደ ቢልስታይን ቢ6 ያለ ነጠላ ሲሊንደር ሾክ ነው። ዘይቱና ጋዙ በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለያዩ ዘይቱ አረፋ አይሠራም፤ ሙቀቱንም በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ረጅም የፒስታ መንገድ ላይ አይደክምም። ነገር ግን ከኋላ በተለይ፣ ፒስተኑ የሚሄድበት ግድግዳ ራሱ የውጩ ቆርቆሮ ስለሆነ ድንጋይ መትቶት ቢሰረጉድ ፒስተኑ ይያዛል። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ላይ ውጩ ትንሽ ቢሰረጉድ ውስጡ ሥራውን ይቀጥላል። አቀማመጡም ጠንከር ያለ ነው። መኪናው በዋናነት ረጅም ፒስታ ላይ የሚሮጥ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ሙቀትን ስለሚችል፣ ይህንን እመርጥ ነበር።

ሦስተኛው ኮኒ የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ ኤፍ.ኤስ.ዲ.፣ በኋላም ስፔሻል አክቲቭ በሚል ስም ያወጣው ሾክ ነው። ከፒስተኑ ጋር ተጨማሪ ቫልቭ አለው፤ ዝግ ያለ ውዝዋዜ ሲመጣ ተዘግቶ ሾኩን ያጠነክረዋል፣ ፈጣን መርገብገብ ሲመጣ ደግሞ ዘይቱን በጎን ያሳልፋል። ጠዋት ኮብልስቶን፣ ቅዳሜ ጣርማበር ለሚነዳ ሰው ይህ ባሕርይ በትክክል የሚስማማ ነው። በጋዝ የታገዘ ባለ ሁለት ሲሊንደር በመሆኑም ድንጋይን ይችላል።

የተመረጠው ሦስተኛው ሆነ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ባለቤቱ ግን ከዚያ በፊት ያወጣው ገንዘብ ተደምሮ ከዚህ ስለበለጠበት አላመነታም። የዕቃው ቁጥር የተወሰደው በመኪናው ስም ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩና በኋላ ኮፈን ውስጥ፣ በትርፍ ጎማው ጉድጓድ ላይ በተለጠፈው የፋብሪካ ወረቀት ነው። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ገዝቶ በሚመጣ ሰው እጅ ላከለት። ሞላዎቹ ግን ያገለገሉ፣ የቀለም ነጥባቸው ያልጠፋ፣ አዲስ አበባ የተገኙ ናቸው። ሞላ ካልተሰበረና ካልዘገ ያገለገለ መግዛት ይቻላል፤ ሾክ ግን ያገለገለ አይገዛም።

ገጠማው

ከሾኩ ጋር ሁለቱም የላይኛው መቀመጫዎች፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ጎሚኒዎቹና የአቧራ መከላከያዎቹ ተለውጠዋል። አሮጌውን ጎሚኒ በአዲስ ሾክ ላይ መመለስ በብዙ ጋራዦች የተለመደ ነው፤ የተቀደደ የአቧራ መከላከያ ግን አሸዋውን ዘንጉ ላይ አድርሶ አዲሱን መዝጊያ ይበላዋል።

የፊት ምሰሶውን ከተሸካሚው ለማውጣት ስንጥቁን ጠምዝዞ የሚከፍት ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። መካኒኩ ከብረት አስቀርጸው ሠርተውታል። በመዶሻና በመሮ መክፈት ብረቱን ይሰነጥቃል። የላይኛውን ዳዶ ሲያጠብቁም ዘንጉን ከላይ በቁልፍ ይዘው በእጅ ነው ያጠበቁት። በንፋስ በሚሠራ መፍቻ ሲጠበቅ ዘንጉ በራሱ ላይ ይሽከረከራል፣ መዝጊያውም ገና ሳይነዳ ይጎዳል። የሚያብለጨልጨውን ዘንግ በፒንሳ መያዝም እንዲሁ ነው፤ አንዲት ጭረት ዘይት ለማፍሰስ ትበቃለች።

ከኋላ ቡሽ (በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለ ጎማ) የሚያልፍባቸው ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ አልተጠበቁም። ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የተጠበቁት። ተንጠልጥሎ የተጠበቀ ቡሽ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎ ይቀደዳል፣ መኪናውንም ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ጎማውንም አልተውነውም። መኪናው 225/40 አር 18 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ልክ በኢንች) ለብሶ ነበር። ወደ 225/45 አር 17 ተመለሰ፤ የጎማው ሙሉ ቁመት ብዙም ሳይለወጥ ጎኑ ከ90 ወደ 101 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ቸርኬን ከጉድጓድ ጠርዝ የምታድነው ይህቺ 11 ሚሊ ሜትር ናት። ጎሚስታው ከልክ በላይ ሞልቶት የነበረው ንፋስም በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ በተጻፈው መጠን ተስተካከለ።

ውጤቱ

አላይመንት ከተሠራ በኋላ ማሰሪያውን እንደገና አስረን በዚያው ሰፈር አዞርነው። ጎሚኒውን አልነካም። ባለቤቱ ወደ ደብረ ሲና ደርሶ ሲመለስም ማሰሪያው ከጎሚኒው በታች ቦታ ተርፎት ነበር። የብረት ምቱ ጠፋ። የመኪናው ጀርባ ዘግይቶ መከተሉን አቆመ። ባለቤቱ የፈራው መኪናው ከፍ ሲል ጠመዝማዛ ላይ እንዲያጋድል ነበር። ማጋደሉ በጥቂቱ ጨምሯል፤ ጎማው መሬት ስለማይለቅቅ ግን የተበላሸው አስፋልት ላይ ከበፊቱ በተሻለ መተማመን ይነዳዋል።

ያልተፈታም አለ። ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ አሁንም በኃይል ይሰማል፤ ይህ ሾክ የሚከለክለው ነገር አይደለም። የፊት መብራቱም መኪናው ከፍ ሲል ወደ ላይ ስለተነሣ በማታ ከፊት ለሚመጣ ሰው ዓይን የሚወጋ ሆኖ እንደገና መስተካከል ነበረበት። ቁመት ለሚለውጥ ሁሉ ይህ ከሥራው ዝርዝር መግባት አለበት፤ በጣርማበር ጉም ውስጥ የሌላውን ዓይን መውጋት ትልቅ አደጋ ነው።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ይህ ጉዳይ ለላንሰር፣ ለኢምፕሬዛም ሆነ ለተራ ኮሮላ ይሠራል። ሾክ ከመጠየቁ በፊት የመኪናው ቁመት ይለካ፣ ሞላው የራሱ መሆኑ ይታይ። በዘንጉ ላይ ማሰሪያ ይታሰር። አሮጌው ሾክ ሳይጣል ወደ ሱቁ ይወሰድና ውፍረቱ በካሊፐር፣ ርዝመቱ በሜትር ከአዲሱ ጋር ይነጻጸር። ሻጩ የሻንሲ ቁጥር ካልጠየቀ ገዢው ራሱ ያቅርብ።

ሞላ ለማጠንከር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን ያስላ፦ ሞላው በ30 በመቶ ሲጠነክር እንቅስቃሴውን በተመሳሳይ ደረጃ ለመግታት ሾኩ በ14 በመቶ ገደማ ብቻ መጠንከር አለበት። «ሞላው ስፖርት ስለሆነ ሾኩ እጥፍ ይጠንክር» የሚለው ምክር መሠረት የለውም። ብዙ ሰው ጠንካራ ሾክ አድርጎ መኪናው ከመንገዱ ሲዘል ጥፋቱን የሚጭነው ጎማው ላይ ነው። ሾክ ምንጊዜም ቢያንስ በጥንድ፣ ከፊት ሁለቱ ወይም ከኋላ ሁለቱ አብረው ይለወጡ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ ሁለቱ ጎማዎች መሬቱን እኩል አይዙም።

ክትትሉ

የኋላ ታችኛው ክንድ ቡሾች መሰነጣጠቅ ጀምረዋል፤ ዕቃው ገና ስላልተገኘ ለሚቀጥለው ጥገና ተላልፈዋል። ባለቤቱ ከክረምት በፊትና በኋላ የአቧራ መከላከያዎቹን ከፍ አድርጎ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ እንዲጠርግና የጎማዎቹን ደረት በእጁ እንዲዳስስ ተነግሮታል። ጎርበጥ የሚል ነገር ከተሰማው መጀመሪያ ቁመቱን ለክቶ ይመጣል።